የፌስታል ገጽ

ኦቾሎኒ ወይም ቆሎ በትንንሽ ላስቲክ እያሸገ የሚሸጥ ሰው ሥራውን ሲሠራ ያላየ አንባቢ አይኖርም። ላስቲኩን ይሞላል፤ አፉን አጥፎ በሁለት ጣቱ ወይም በቢላ ጠርዝ ይይዛል፤ ተርፎ የወጣውን ጫፍ ወደ ሻማው አስጠግቶ ከግራ ወደ ቀኝ ያሳልፈዋል። ሥራው ከዓይን ጥቅሻ ብዙም አይረዝም። ሁለት የነበረው ንብርብር አንድ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ገዢው በጥርሱ ካልቀደደው በቀር አይከፈትም። ሙጫ አልገባበትም፤ ክር አልተሰፋበትም። እንግዲያው የተያያዘው በምንድን ነው?

ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ይመስላል። ይሁን እንጂ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሊቃውንት ተገቢውን መልስ ያገኙለት ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። የቀዝቃዛው ላስቲክ ገጽ፣ ማለትም ሻማ ያልነካው ለስላሳና ጸጥ ያለ የሚመስለው ቆዳው፣ ምን እንደሚያደርግ የሚያወሳው ክርክር ደግሞ እስከ ሃያ አንደኛው መቶ ዘመን ዘልቋል። ይህ ጽሑፍ የዚያን ፍለጋ ታሪክ በአጭሩ ይከተላል። መነሻውም መድረሻውም ሞያሌ ነው፤ አንዲት ከተማ በሁለት አገር ሕግ በምትተዳደርበት ስፍራ ስለ ፌስታል ማውራት ተራ ወሬ አይደለምና። ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ። አማርኛ ለዚህ ዕቃ የሰጣቸው ስሞች ከዕቃው ይልቅ የሰዉን ሕይወት ይነግራሉ። በኢትዮጵያ ቀጭኑ ከረጢት «ፌስታል» ነው፤ ነገሩ ራሱ «ላስቲክ» ነው፤ ከፕላስቲክ ጥብጣብ የተሸመነው ትልቁ ጆንያ ደግሞ መጀመሪያ ይዞት ከመጣው ጭነት የተነሣ «ማዳበሪያ» ተብሎ ቀርቷል፤ ጤፍ ቢሞላበትም፣ ከሰል ቢሞላበትም ማዳበሪያ ነው። ኬንያዊው ቀጭኑን ከረጢት «ጁዋላ» ይለዋል፤ አንዳንዴም ወረቀት ያልሆነውን ነገር «ፔፐር ባግ» ብሎ ይጠራዋል። «ጀሪካን» የሚለው ቃል ደግሞ ጦርነት ይዞት የመጣ ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ለሠራዊታቸው የሠሩት ሃያ ሊትር የሚይዝ የብረት የነዳጅ ዕቃ ነበር፤ ከእነርሱ የማረኩት የእንግሊዝ ወታደሮች ለጀርመን ባወጡት ቅጽል ስም «ጄሪ» ብለው ጠሩት፤ ስሙ ከብረቱ ወደ ቢጫው ፕላስቲክ ተሻግሮ እነሆ እስከ ዛሬ ውኃ፣ ዘይትና ወተት ይቀዳበታል።

ጦርነቱ ሲነሣ ሞያሌም ትነሣለች። በ1940 ሐምሌ የኢጣሊያ ጦር ከሰሜን ወርዶ በኬንያ በኩል የነበረውን የእንግሊዞች ምሽግ ከበበ፤ በውስጡ የነበሩትም ጥቂት ሳምንት ከተከላከሉ በኋላ በሌሊት ለቅቀው ወጡ። ከተማዋ ተመልሳ በእንግሊዝ ወገን እጅ የገባችው በ1941 መጀመሪያ መጋ ከተያዘች በኋላ ነው። በዚያው ጊዜ፣ ከሞያሌ እጅግ ርቆ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ አንድ ፋብሪካ ዓለም ስሙን ያልሰማውን ነጭ ነገር በምስጢር ያመርት ነበር። ነገሩ ፖሊኢትሊን ነው፤ ዛሬ ፌስታልም ጀሪካንም የሚሠራበት። ያኔ ግን ለገበያ የሚወጣ ዕቃ አልነበረም፤ በአውሮፕላን ላይ ለሚጫነው የራዳር መሣሪያ ሽቦ መሸፈኛ ነበር። የሞያሌን ምሽግ የተከላከሉትም የከበቡትም ወታደሮች ውኃቸውን ከብረት ዕቃ ሲጠጡ፣ ልጆቻቸው የሚይዙት ጀሪካን የሚሠራበት ነገር የጦር ምስጢር ሆኖ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ፖሊኢትሊን የተገኘው ሳይፈለግ ነው። በ1933 መጋቢት ወር ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች በዊኒንግተን በሚገኘው የአይ.ሲ.አይ. ኩባንያ ቤተ ሙከራ ኢትሊን የተባለውን ጋዝ ከሌላ ውሁድ ጋር በአንድ ዕቃ ዘግተው፣ ከአየር ግፊት ከሺህ ጊዜ በላይ በሚበልጥ ግፊትና በ170 ዲግሪ ሙቀት አስጨነቁት። ያሰቡት አልሆነም። ዕቃው ሲከፈት ግን ሰም የመሰለ ነጭ ነገር በጥቂቱ ተገኘ። ሙከራውን ቢደግሙት እሺ አላለም፤ እንዲያውም ዕቃው የፈነዳበት ጊዜ ነበር። በ1935 መጨረሻ ማይክል ፔሪን ደግሞ ሲሞክረው ተሳካለት፤ ምክንያቱም በዕቃው መገጣጠሚያ በኩል ጋዙ ያመልጥ ስለነበር በምትኩ የተጨመረው አዲስ ኢትሊን ጥቂት ኦክስጅን ይዞ ገብቶ ነበር። ሥራውን ያስጀመረው ያ ያልተጋበዘ ኦክስጅን ነው። ፋብሪካው ማምረት የጀመረው በ1939 መስከረም 1 ቀን፣ ሒትለር ፖላንድን በወረረበት ዕለት ነው ይባላል።

ይህ ነጭ ነገር ከውስጡ ምን እንደሆነ ለመረዳት ግን አንድ ሌላ ሰው ቀድሞ ብዙ መሟገት ነበረበት። ጀርመናዊው ኸርማን ሽታውዲንገር በ1920 ባወጣው ጽሑፍ፣ እንደ ጎማና እንደ ጥጥ ያሉ ነገሮች እጅግ ረዣዥም ከሆኑ፣ በእውነተኛ ኬሚካላዊ ማሰሪያ ከተያያዙ ሰንሰለቶች የተሠሩ ናቸው አለ። በጊዜው የነበሩ አብዛኞቹ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ለእነርሱ እነዚህ ነገሮች እንደ እህል ክምር እርስ በርስ ተጠጋግተው የተቀመጡ ትንንሽ ሞለኪውሎች ነበሩ። ሽታውዲንገር አሥር ዓመት ገደማ ተከራከረ፤ ረታም፤ የኖቤል ሽልማቱ ግን በ1953 በሰባ ሁለት ዓመቱ ነው የደረሰው። ሊታሰብ የሚገባው ሥዕል ይህ ነው፤ ፖሊመር የተባለው ነገር ሁሉ የክር ውጥንቅጥ ነው፤ እያንዳንዱ ክር ከሺህ በላይ፣ አንዳንዴም ከመቶ ሺህ በላይ ቀለበቶች ያሉት። በሳሕን ላይ እንደተቀመጠ የተቀቀለ ፓስታ ማሰብ ይቻላል፤ ልዩነቱ የፓስታው ዘንግ አይንቀሳቀስም፣ የፖሊመር ሰንሰለት ግን ሙቀቱ እስካለ ድረስ ያለዕረፍት ይወዛወዛል።

የሻማውን ምስጢር የፈታው ይህ መወዛወዝ ነው። ሰር ሳም ኤድዋርድስ በ1960ዎቹ፣ ፈረንሳዊው ፒየር ዥል ደ ዤን በ1971፣ አንድ ሰንሰለት በሌሎች ሰንሰለቶች መካከል እንዴት እንደሚሄድ አሰቡ። ወደ ጎን መሄድ አይችልም፤ ጎረቤቶቹ አጥረውታል። የሚቀረው መንገድ አንድ ነው፤ እንደ እባብ በራሱ ርዝመት፣ በራሱ ጠባብ ጉድጓድ እየተሳበ መውጣት። ደ ዤን ይህን እንቅስቃሴ ከተሳቢ እንስሳት በተወሰደ ቃል ሰየመው፤ በ1991ም የኖቤል ሽልማት አገኘ። ሻማው የላስቲኩን ጫፍ ከ110 ዲግሪ በላይ ሲያሞቀው ሰንሰለቶቹን በየቦታው ቆልፈው የያዟቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች ይቀልጣሉ፤ ከዚህኛው ንብርብር የወጣ ሰንሰለት ወደዚያኛው ይሳባል፣ ከዚያኛው የወጣ ወደዚህ። ሰንሰለቱ የራሱን ጥቅል ያህል ርቀት፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህኛ ከፍ ያለውን ያህል፣ ከተሻገረ ስፌቱ ከቀረው ላስቲክ የሚለይበት ነገር የለም። ሲበርድ ክሪስታሎቹ እንደገና ይቆለፋሉ። በመካከሉ የዘይት ጠብታ ወይም የዱቄት ብናኝ ከገባ ግን ሰንሰለቶቹ አይገናኙም። አሻጊው አፉን በጣቱ የሚጠርገው ስለ ደ ዤን ሰምቶ አይደለም፤ ነገር ግን ትክክል ነው።

እስካሁን የተነገረው ስለ ቀለጠ ገጽ ነው። ያልቀለጠውስ? ሰው ለብዙ ዘመን ጠጣር ነገር እስኪቀልጥ ድረስ ከውስጥም ከውጭም እኩል ጠጣር እንደሆነ ያምን ነበር። ይህን እምነት መጀመሪያ የነቀነቀው በረዶ ነው። ማይክል ፋራዴይ በ1850 በለንደን ባደረገው ንግግር ሁለት የበረዶ ቁራጮች ሲነካኩ እንደሚጣበቁ አሳየና ምክንያቱን እንዲህ ሲል ገመተ፤ የበረዶው ገጽ ከመቅለጫው ሙቀት በታች ሆኖም በቀጭን የውኃ ሽፋን የተለበሰ ነው፤ ሁለቱ ገጾች ሲነካኩ ያ ሽፋን በሁለት በኩል ተዘግቶበት ይረጋል። ሌሎች ሊቃውንት ግፊት ነው፣ ሌላ ነገር ነው እያሉ ተከራከሩት። መልሱ ያለቀለት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ፋራዴይ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ በመሠረቱ ትክክል ነበር። በገጹ ላይ ያለ ሞለኪውል ከላዩ የሚይዘው ጎረቤት የለውም፤ ስለዚህ ከውስጥ ካለው ይልቅ ልቅ ነው። አማርኛ በዚህ ረገድ የታደለ ቋንቋ ነው፤ «ገጽ» ፊትም ነው፣ የመጽሐፍ ቅጠልም ነው፣ የዕቃ ላይኛውም ነው። የውስጡን የሚገልጥም የሚደብቅም እርሱ ነው።

ከበረዶው በኋላ ወግ ያለው ምዕራፍ የሚከፈተው በወጥ ቤት ነው። በብራውንሽቫይግ ከተማ ትኖር የነበረችው አግነስ ፖክልስ በሴትነቷ ምክንያት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አልተፈቀደላትም። ሳሕን ስታጥብ ግን ቅባት በውኃ ገጽ ላይ የሚያደርገውን እያየች፣ ከተራ የወጥ ቤት ዕቃ የመለኪያ ገንዳ ሠርታ ለዓመታት ትለካ ነበር። በ1891 ውጤቷን ለእንግሊዛዊው ለሎርድ ራሌይ በደብዳቤ ጻፈችለት፤ እርሱም «ኔቸር» ለተባለው መጽሔት አስተላልፎ አሳተመላት። አሜሪካዊው ኧርቪንግ ላንግሙር በዚያ ዓይነት ገንዳ ላይ ሠርቶ፣ ቅባት በውኃ ላይ የአንድ ሞለኪውል ብቻ ውፍረት ያለው ሽፋን ሆኖ እንደሚዘረጋ አስረዳ፤ የ1932 የኖቤል ሽልማትም የእርሱ ሆነ። ራሌይ ደብዳቤውን ወደ ቅርጫት ጥሎት ቢሆን ኖሮ ታሪኩ በስንት ዓመት ይዘገይ እንደነበር መገመት ያስቸግራል።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚበልጠው ግን ላንግሙር በ1938 ያስተዋለው ሌላ ነገር ነው። በጠጣር ላይ የተነጠፈ የቅባት ሽፋን በአየር ውስጥ ውኃ አይቀበልም፤ ውኃ ውስጥ ከተነከረ በኋላ ግን ጠባዩ ይለወጥ ነበር። ላንግሙር ሞለኪውሎቹ ተገልብጠዋል አለ፤ ውኃ ወዳዱ ጫፋቸው ወደ ውኃው ዞሯል። ጠጣር ሽፋን በጎረቤቱ መሠረት ፊቱን ያዞራል ማለት ነው። በ1975 በአሜሪካ ሆሊና ረፎኾ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለስላሳ የዓይን መነጽር፣ ማለትም በዓይን ብሌን ላይ የሚደረገው ኮንታክት ሌንስ፣ የሚሠራበትን ፖሊመር ሲመረምሩ ይኸው ነገር ገጠማቸው። ውስጡ ግማሽ ያህል ውኃ የሆነ ነገር በአየር ሲቆይ ገጹ ውኃን ይገፋል፤ እንባ ሲያገኝ ግን ይቀበላል። ሰንሰለቶቹ አየር ሲያዩ ውኃ ጠሉን ጎናቸውን ያወጣሉ፤ ውኃ ሲያዩ ውኃ ወዳዱን።

ይህ መገላበጥ ለፌስታል ፋብሪካ የየዕለት ፈተና ነው። የፖሊኢትሊን ገጽ ሰም ነው፤ ቀለም አይዝም። የሱቁን ስም በከረጢቱ ላይ ለማተም ገጹን አስቀድሞ በኤሌክትሪክ ብልጭታ መምታት ያስፈልጋል፤ ዴንማርካዊው መሐንዲስ ቬርነር አይስቢ በ1951 የጀመረው ይህ ዘዴ «ኮሮና» ይባላል፤ ከበሽታው ጋር ከስሙ በቀር ዝምድና የለውም። ብልጭታው በላይኞቹ ሰንሰለቶች ላይ ኦክስጅን ይሰካል፤ ቀለምም የሚጨብጠው ያገኛል። ይሁንና ጥቅሉ በመጋዘን ከቆየ፣ በተለይም ሙቀት ባለበት ስፍራ፣ ሰንሰለቶቹ ቀስ በቀስ ዞረው ኦክስጅን የተሰካበትን ጎናቸውን ወደ ውስጥ ይቀብሩታል፤ ገጹ ወደ ሰምነቱ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የታተመበት ቀለም በጣት ይለቅቃል። ላንግሙር በቤተ ሙከራ ያየውን ነገር ባለ ማተሚያው በኪሳራ ያየዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቤተኛ የሆነ ነገር ነው። አዲስ የወጣ ላስቲክ እርስ በርሱ ይለጠፋል፤ ከረጢቱን ለመክፈት ጣት ምራቅ ይፈልጋል። አምራቾች ይህን ለማስቀረት ላስቲኩ ከመነፋቱ በፊት ከሺህ አንድ እጅ ያህል ኤሩካማይድ የተባለ ቅባት ይጨምሩበታል። ቅባቱ መጀመሪያ በመላው ላስቲክ ውስጥ የተበተነ ነው። ነገር ግን ሰንሰለቶቹ ስለሚወዛወዙ መንገድ ይከፍቱለታል፤ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ወደ ገጹ ወጥቶ እንደ ስስ ቅቤ ይነጠፋል፤ ከረጢቱም ሲነኩት የሚከፈት ይሆናል። ኤሩካማይድ የሚሠራው ኤሩሲክ ከተባለ አሲድ ነው፤ ይህ አሲድ የሚገኘው ደግሞ ከጎመንዘር ወገን ከሆኑ ዘሮች ዘይት ነው። የሐበሻ ጎመንዘር ራሱ በዚህ አሲድ የበለጸገ ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ ከምጣዱ እንዳይጣበቅባት ምጣዷን በተወቀጠ ጎመንዘር የምታሰሰው በዘይቱ ነው። ፋብሪካው ይህን ከእርሷ ተማረ ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ሳይተዋወቁ በአንድ ወገን ዘር አንዱን ችግር ፈትተዋል። ልዩነቱ ጋጋሪዋ ማሰሻውን ከላይ ስትቀባ፣ ላስቲኩ ግን ማሰሻውን ከሆዱ እያወጣ ራሱን መቀባቱ ነው።

በ1990ዎቹ ጉዳዩ ከፋብሪካ ወደ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ገባ። ምክንያቱ ፌስታል አልነበረም፤ የኮምፒውተር ክፍሎች በቀጭን የፖሊመር ሽፋን እየተቀረጹ ስለሚሠሩና ሽፋኑ እየሳሳ በመሄዱ ነበር። የተመረጠው ነገር ፖሊስታይሪን ነው፤ የቢክ እስክርቢቶው ጥርት ያለ ዘንግ የሚሠራበት። ፖሊስታይሪን እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ድረስ እንደ መስታወት ደረቅ ነው፤ ከዚያ በላይ ይለሰልሳል። ፖሊኢትሊን ይህን የመለስለሻ ደረጃውን የሚያልፈው ከዜሮ በታች እጅግ በሚርቅ ብርድ ነው፤ ፌስታል በእጅ ሲጨበጥ የሚለሰልሰው፣ የእስክርቢቶ ዘንግ ግን የሚሰበረው ስለዚህ ነው። በ1994 ኬዲ፣ ጆንስና ኮሪ የተባሉ ሦስት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ፖሊስታይሪንን በሲሊከን ላይ እጅግ አሳስተው አንጥፈው ሲያሞቁት፣ ውፍረቱ ከ40 ናኖሜትር ሲያንስ የመለስለሻው ሙቀት መውረድ ጀመረ፤ 10 ናኖሜትር ሲደርስ በ25 ዲግሪ ያህል ወርዶ ነበር። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሦስቱ የሰጡት ማብራሪያ ፋራዴይ ስለ በረዶ ከሰጠው ጋር ወንድማማች ነው፤ የላይኛው ገጽ ፈሳሽ መሰል ሽፋን አለው፤ ነገሩ እየሳሳ ሲሄድ የዚያ ሽፋን ድርሻ ይበረክታል።

ሁሉም አላመነም። አንዳንዶች ናሙናው በሚገባ አልደረቀም አሉ፤ ሌሎች መለኪያውን ተጠራጠሩ፤ በጃፓን የካጂያማ ቡድን በሹል መርፌ ገጹን እየነካካ ልስላሴውን ሲዘግብ፣ ሌሎች ደግሞ ምንም ለውጥ አላየንም ብለው ጻፉ። አለመግባባቱ ወደ አሥራ አምስት ዓመት ቆየ። ነገሩን ሁሉም ሊያየው በሚችል መንገድ ያቀረቡት በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዛህራ ፋኽራይና ጄምስ ፎረስት ናቸው። የሠሩት ነገር ከተራቀቀ ፊዚክስ ይልቅ በጭቃ ላይ ዱካ እንደመመልከት ያለ ነው። ጥቃቅን የወርቅ ኳሶችን በፖሊስታይሪን ገጽ ላይ በጥቂቱ እንዲሰምጡ አደረጉ፤ ከዚያ ወርቁን በሜርኩሪ አሟሙተው አነሡት። በገጹ ላይ የናኖሜትር ጉድጓዶች ቀሩ። ገጹ እውነተኛ ጠጣር ከሆነ ጉድጓዱ እንዳለ ይቀመጣል፤ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ይሞላል። ጉድጓዶቹ ሞሉ፤ የተቀረው ፖሊስታይሪን እንደ ድንጋይ በደረቀበት ሙቀትም ጭምር ሞሉ። ውጤቱ በ2008 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጣ። በደረቅ ፕላስቲክ ላይ ጥቂት ናኖሜትር የሆነ፣ የማያርፍ ቆዳ አለ።

አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ቁጥር እዚህ ላይ ይመጣል። በኢትዮጵያ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 የወጣው፣ የማይበሰብስና ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥ የፕላስቲክ ከረጢት እንዳይመረትና እንዳይገባ ይከለክል ነበር። በዚያው ዓመት ኬንያም ከ30 ማይክሮን የሳሱትን ለማገድ ሞከረች፤ ሁለቱ አንድ ውፍረት ናቸው። 0.03 ሚሊሜትር 30,000 ናኖሜትር ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ቆዳ ከዚህ ውስጥ ምንም አይደለም። ሕጉ የለካው ውፍረትን ነበር፤ ወፍራም ከረጢት ይበረክታል፣ ሰውም ደግሞ ይይዘዋል ተብሎ። የከረጢቱን ዕጣ የሚወስነው ግን አብዛኛው በገጹ የሚሆነው ነገር ነው። ኬንያ በ2011 ወሰኑን ወደ 60 ማይክሮን ብታሳድገውም አልሠራም። በሁለቱም አገር ሳስቶ የሚዋዥቀው ፌስታል በሽቦ አጥርና በግራር እሾህ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

በሞያሌ ዙሪያ ይህ የሥነ ውበት ጉዳይ አይደለም። የቦረና፣ የገብራና የጋሪ ሰው ሀብቱ ከብት፣ ፍየልና ግመል ነው። በድርቅ ጊዜ ሣር ያጣ እንስሳ ጨው ወይም ምግብ የነካውን ፌስታል ይውጣል። ፌስታሉ በጨጓራው አይፈጭም፤ ምክንያቱም ሣሩን የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን የፖሊኢትሊንን ሰንሰለት የሚቆርጥ ኢንዛይም የላቸውም። አንድ ፌስታል በሌላው ላይ እየተጠቀለለ ኳስ ይሆናል፤ እንስሳው ሆዱ ሞልቶ ይከሳል። ፀሐይ በበኩሏ ሌላ ሥራ ትሠራለች። ብርሃንና ኦክስጅን ከገጹ ጀምረው ሰንሰለቱን ይቆራርጣሉ፤ አጫጭር የሆኑት ሰንሰለቶች የበለጠ ስለሚንቀሳቀሱ ተደርድረው ክሪስታል ይሆናሉ፤ ለስላሳው ነገር ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። ፌስታሉ ጠፋ ይባላል። አልጠፋም፤ ከአፈር ጋር ተቀላቅሏል።

ጀሪካኑም የራሱ ታሪክ አለው። የቦረና ሴት ከሥር ክር በጥብቅ የምትሸምነው ጎርፋ ወተቱ እርጎ፣ በእነርሱ አጠራር «ኢቲቱ»፣ የሚሆንበት ዕቃ ነው። ከታጠበ በኋላ እንደ ወይራ ባለ እንጨት ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ በሽመናው ውስጥ ገብቶ ሽታ ይሰጣል፣ ወተት የሚያበላሹትን ተሕዋስያን ይገታል። የወተት ንግዱ እየሰፋ፣ የግመል ወተት በመኪና ወደ ናይሮቢ መጫን ሲጀምር፣ ቀላሉና የማይሰበረው ጀሪካን ቦታውን ያዘ። ሆኖም ጀሪካን ያለፈውን አይረሳም። ናፍታ ወይም ጋዝ ከነበረበት በሳሙና ቢታጠብ፣ በአሸዋ ቢፈተግ ሽታው ይመለሳል። ብዙ ሰው ዕቃው በደንብ አልታጠበም ይላል። ጥፋቱ የአጣቢዋ አይደለም። ናፍታ ራሱ አጭር የፖሊኢትሊን ሰንሰለት እንደማለት ነው፤ ዘመዱን ሲያገኝ በሚወዛወዙት ሰንሰለቶች መካከል ሰርጎ ወደ ግድግዳው ይገባል፤ ሳሙናው የሚደርሰው ገጹ ጋ ብቻ ነው። ገጹ ከጸዳ በኋላ የገባው ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ቅባት ያለው ወተት ሲያገኝ ደግሞ ይቸኩላል። ኤሩካማይዱን ወደ ላይ ያወጣው መንገድ ናፍታውንም ያወጣዋል። ነዳጅ የነካ ጀሪካን ለወተት የማይመለሰው ለዚህ ነው።

ኬንያ በመጨረሻ ውፍረት መለካቱን ትታ ከነሐሴ 28 ቀን 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢቶችን በጠቅላላ አገደች። ማምረት፣ ማስገባትም ሆነ መጠቀም ከአንድ እስከ አራት ዓመት እሥር ወይም ከሁለት እስከ አራት ሚሊዮን ሽልንግ መቀጮ የሚያስከትል ሆነ፤ በዓለም ላይ ከወጡት ሕጎች ሁሉ ጠንካራው እንደሆነ በጊዜው ተነግሯል። ፋብሪካ የሚያሽግባቸው ላስቲኮች ከእገዳው ውጭ ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሞያሌ ድንበሩ በዕቃውም ላይ ተሰመረ። ከሰሜኑ ገበያ ሽንኩርት በፌስታል የገዛ ሰው ጥቂት እርምጃ ወደ ደቡብ ሲሄድ፣ ሽንኩርቱ ሕጋዊ፣ መያዣው ወንጀል ይሆንበት ነበር። በ2020 መጨረሻ የሁለቱ አገር መሪዎች በሞያሌ የጋራ የድንበር አገልግሎት መስጫ ሲመርቁ ሰውና ጭነት በአንድ ፌርማታ እንዲያልፍ ታስቦ ነው፤ ፌስታሉ ግን አሁንም በአንዱ ወገን የተፈቀደ፣ በሌላው የተከለከለ ነበር።

የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በበኩሉ የፕላስቲክ ከረጢትን የሚያግደውን አዲሱን የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ በ2025 አጸደቀ። ያ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2017 ነው። ስለዚህ የሞያሌ ሰው ከድንበሩ በየትኛውም ወገን ቢቆም ፌስታል የታገደው በ2017 ነው ቢል አልተሳሳተም፤ በሁለቱ 2017ዎች መካከል ያለው ስምንት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ቢጫውን ጀሪካን ግን ከሁለቱ ሕጎች የነካው የለም።